ኦኤስፒኤፍ መንገዶችን እንዴት ይመድባል? እንዴትስ ይጠቀልላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ኔትወርክ የሚማሩ ወይም ሥራ የጀመሩ ልጆች ስለ ኦኤስፒኤፍ፣ ማለትም ራውተሮች መንገድ ስለሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል፣ ሲያወሩ ጥያቄያቸው ሁለት ቦታ ላይ ይሰበሰባል። አንዱ በራውቲንግ ቴብሉ (ራውተሩ መንገዶቹን በሚይዝበት ሠንጠረዥ) ላይ ከእያንዳንዱ መንገድ ፊት የሚቆመው ምልክት ነው። ሌላው መጠቅለል፣ በሥራ ቦታ ሳመራይዜሽን የምንለው ነው። ሁለቱን ለያይቶ መማር ይቻላል፤ ግን ሥራ ላይ የሚያስቸግሩት ተያይዘው ስለሆነ እዚህም አያይዤ እመልሳለሁ።

ለሁሉም መልስ አንድ ምሳሌ እንያዝ። ለትምህርት የተሠራ ነው እንጂ የማንም መሥሪያ ቤት ኔትወርክ አይደለም። ኔትወርኩ ኤሪያ በሚባሉ የራውተር ክፍሎች ተከፍሏል። መሃሉ ደብረ ብርሃን ነው፤ ኤሪያ 0። ወደ ቆላ የሚወርደው መስመር፣ ማለትም ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ፣ ኤሪያ 1 ነው። ሞላሌና መሐል ሜዳ፣ ማለትም መንዝ፣ ኤሪያ 2፣ ደነባና እነዋሪ ኤሪያ 3 ናቸው። አድራሻው ሁሉ ከ10.20.0.0/16 ተቆርሶ ለእያንዳንዱ ኤሪያ አንድ አንድ /20 (የመጀመሪያዎቹ 20 ቢቶች የጋራ የሆኑበት የአድራሻ ክልል) ተሰጥቷል። ኤሪያ 0 ከ10.20.0.0፣ ኤሪያ 1 ከ10.20.16.0፣ ኤሪያ 2 ከ10.20.32.0፣ ኤሪያ 3 ከ10.20.48.0 ይጀምራል። ኤሪያ 1 ሁለት መውጫ አለው። አንዱ ደብረ ብርሃን ያለው ራውተር ነው፤ ሌላው አጣዬ ያለው ራውተር ሲሆን በሌላ መስመር በቀጥታ ከኤሪያ 0 ጋር ተገናኝቷል። በሁለት ኤሪያዎች ድንበር ላይ የቆመ እንዲህ ያለ ራውተር ኤቢአር ይባላል።

ሊንክ-ስቴት የሚባለው ከሌላው በምን ይለያል?

እንደ ሪፕ ባሉ ፕሮቶኮሎች ራውተሩ ጎረቤቱ የነገረውን አምኖ ይቀበላል። "ወደዚያ ኔትወርክ በእኔ በኩል ይህን ያህል ይርቃል" ይባላል፤ አለቀ። በሊንክ-ስቴት ግን እያንዳንዱ ራውተር የሚናገረው ስለ ራሱ ሊንኮች ብቻ ነው። ማስታወቂያው ኤልኤስኤ ይባላል፤ ሳይለወጥ በኤሪያው ውስጥ ላለ ራውተር ሁሉ ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ ኤሪያ ያሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ካርታ ይይዛሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ለየራሱ፣ ዳይክስትራ በ1959 ባሳተመው ስሌት፣ አጭሩን መንገድ ያወጣል።

ኦኤስፒኤፍ እና አይኤስ-አይኤስ የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ዛሬ ለአይፒቪ4 የምንጠቀምበት ኦኤስፒኤፍ ቨርዥን 2 የተደነገገው በአርኤፍሲ 2328 ነው፤ አርኤፍሲ የኢንተርኔት አሠራር የሚጻፍበት ሰነድ ነው፤ ጆን ሞይ ያዘጋጀው፣ ሚያዝያ ወር 1990 ዓ.ም. አካባቢ፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 1998 የወጣ።

"ኦ"፣ "ኦ አይኤ"፣ "ኦ ኢ1"፣ "ኦ ኢ2" የሚሉት ምልክቶች ምንድን ናቸው?

የመንገዱ መደብ ናቸው። ይህ መንገድ ከየት እንደመጣ ይነግሩናል።

ባዶ "ኦ" የኤሪያው የራሱ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለው ራውተር የደብረ ሲናን ኔትወርክ የሚያየው በዚህ ምልክት ነው። ሁለቱም ኤሪያ 1 ውስጥ ስለሆኑ ካርታው በእጁ ነው፤ ራሱ አስልቶ ያገኘዋል። ይህ መረጃ በዓይነት 1 እና በዓይነት 2 ኤልኤስኤ ይመጣል።

"ኦ አይኤ" ከሌላ ኤሪያ የመጣ ነው። ሸዋ ሮቢት የመሐል ሜዳን ኔትወርክ በዚህ መልክ ያየዋል። የመንዝ ካርታ የለውም፤ ኤቢአሩ በዓይነት 3 ኤልኤስኤ "በእኔ በኩል ይህን ያህል ኮስት ነው" ብሎታል፤ ኮስት ማለት በመንገዱ ለማለፍ የሚቆጠር ዋጋ ነው። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ሊንክ-ስቴት የተባለው ፕሮቶኮል የጎረቤት ወሬ መቀበል ጀመረ። በኤሪያዎች መካከል ኦኤስፒኤፍ የሚሠራው ልክ እንደ ሪፕ ቤተሰቦች ነው። ኤሪያዎች ሁሉ በኤሪያ 0 በኩል ይገናኙ የሚለው ጥብቅ ሕግም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ወሬው ዞሮ ተመልሶ ሉፕ እንዳይፈጥር።

"ኢ1" እና "ኢ2" ከኦኤስፒኤፍ ውጭ የመጡ ናቸው። ከቢጂፒ (ድርጅቶችን እርስ በርስ ከሚያገናኘው ፕሮቶኮል)፣ ከስታቲክ ሩት (በእጅ ከተጻፈ መንገድ)፣ ወይም ከሌላ ፕሮቶኮል ተወስደው የገቡ። የሚያስገባቸው ራውተር ኤኤስቢአር ይባላል፤ የሚሄዱትም በዓይነት 5 ነው። ኤኤስቢአሩ የት እንዳለ ለሌሎች ኤሪያዎች የሚያስታውቀው ዓይነት 4 ነው። "ኤን1" እና "ኤን2" ካያችሁም አትደንግጡ፤ የዚሁ ወንድሞች ናቸው፤ ኤንኤስኤስኤ በሚባለው የኤሪያ ዓይነት ውስጥ በዓይነት 7 የሚሄዱ።

የሚመረጠው ኮስቱ ያነሰው መንገድ ነው አይደል?

አይደለም። መጀመሪያ መደቡ ይታያል፤ ኮስት የሚወዳደረው በአንድ መደብ ውስጥ ነው። ቅደም ተከተሉ የኤሪያው የራሱ፣ ከዚያ ከሌላ ኤሪያ የመጣ፣ ከዚያ ኢ1፣ በመጨረሻ ኢ2 ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ሥራ ላይ ግን ብዙ ሰው ያደናግራል። በምሳሌያችን ደብረ ብርሃን ያለው ኤቢአር ወደ ሸዋ ሮቢት ፓኬት ሊልክ ነው እንበል። በደብረ ሲና በኩል የሚወርደው ሊንክ አሮጌ ነው፤ በየእርምጃው 10 ሜጋቢት፣ ማለትም ኮስቱ 10 እና 10፣ መድረሻው ላይ 1 ሲጨመር 21። በሌላ በኩል በኤሪያ 0 ወደ አጣዬ ጊጋቢት መስመር አለ፤ ከአጣዬ ወደ ሸዋ ሮቢትም እንዲሁ። ድምሩ 3። የትኛውን ይመርጣል? 21ዱን። ምክንያቱም ራውተሩ ራሱ ኤሪያ 1 ውስጥ እግር አለው፤ መድረሻውም ኤሪያ 1 ነው፤ ስለዚህ የኤሪያው የራሱ መንገድ እያለ ሌላውን ዞሮ አያይም። ጊጋቢቱ ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ 10 ሜጋቢቱ ይጨናነቃል።

ኮስት በመቀያየር ይህን ማስተካከል አይቻልም። ሰዎች ለሰዓታት ቁጥር ሲለዋውጡ ይውላሉ፤ ለውጥ የለም። መፍትሔው ፈጣኑን መስመር የኤሪያ 1ም አካል ማድረግ ነው። አንዱን ሊንክ በሁለት ኤሪያ ማስገባት በአርኤፍሲ 5185 የተደነገገ አሠራር ነው፤ መሣሪያችሁ ይደግፈው እንደሆነ መመሪያው ላይ ተመልከቱ። ካልደገፈ በዚያው መስመር ላይ ሁለተኛ ቪላን (በአንድ ሊንክ ላይ ተለይቶ የሚሄድ ኔትወርክ) አውጥቶ ኤሪያ 1 ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

ስለ ኮስት ካነሳን አይቀር፤ ብዙ ራውተሮች ኮስትን የሚያሰሉት 100 ሜጋቢትን ለሊንኩ ፍጥነት በማካፈል ነው። በዚህ ስሌት 100 ሜጋቢትም፣ 1 ጊጋቢትም፣ 10 ጊጋቢትም ኮስታቸው 1 ይሆናል። የሚካፈለውን ቁጥር፣ 100 ሜጋቢቱን፣ ሁሉም ራውተሮች ላይ እኩል ከፍ አድርጉት። አንዱ ላይ ብቻ መቀየር ካለመቀየር ይብሳል።

ታዲያ መደብ ከሁሉም ይቀድማል ማለት ነው?

ከኮስት ይቀድማል፤ ከማስክ ርዝመት (ከ"/" በኋላ ካለው ቁጥር) ግን አይቀድምም። መደብና ኮስት የሚወዳደሩት ለአንድ ለተመሳሳይ ኔትወርክ፣ በተመሳሳይ ማስክ ነው። 10.20.32.0/20 በ"ኦ አይኤ" ቴብሉ ውስጥ ቢኖር፣ 10.20.40.0/24 ደግሞ በ"ኢ2" ቢመጣ፣ ሁለቱም ይገባሉ። ወደ 10.20.40.7 የሚሄድ ፓኬት የሚከተለው /24ቱን ነው፤ መደቡ የመጨረሻው ቢሆንም።

ይህን ያዙት። ጥቅል መንገድ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ኤቢአር ጥቅል፣ ከሌላው ዝርዝር ከወጣ፣ ትራፊኩ በሙሉ ዝርዝሩን ወደሚናገረው ይጎርፋል። የኤሪያው ሁለት ኤቢአሮች ላይ አንዱ ላይ ብቻ ጥቅል ጽፎ ሌላውን መርሳት በተደጋጋሚ የሚታይ ጉዳይ ነው።

ኢ1 ልጠቀም ወይስ ኢ2?

ከኦኤስፒኤፍ ወደ ውጭ የምትወጡበት ኤኤስቢአር አንድ ከሆነ ልዩነት የለውም፤ ኢ2 ይሁን። ሁለት መውጫ ካለ ግን ኢ1።

ኢ2 የውስጡን ርቀት አይደምርም። በሲስኮ ራውተሮች ላይ ካልነገራችሁት በስተቀር ብዙውን ጊዜ 20 ይዞ ይገባል፤ አጣዬም ላይ 20፣ እነዋሪም ላይ 20 ነው። በኢ1 እስከ ኤኤስቢአሩ ያለው ኮስት ይደመራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ከተማ ለራሱ የሚቀርበውን መውጫ ይመርጣል። በኢ2 ውጫዊው ቁጥር እኩል ሲሆን ብቻ ነው ወደ ኤኤስቢአሩ ያለው ርቀት የሚታየው። እኩል ካልሆነ፣ በአንድ ነጥብ ያነሰው፣ የቱንም ያህል ቢርቅ ያሸንፋል።

መጠቅለል ማለት ምንድን ነው? ምን ይጠቅማል?

ብዙ ተከታታይ ኔትወርኮችን በአንድ አጭር አድራሻ መጥራት ነው። መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ "ደሴ! ደሴ!" እያለ ይጣራል እንጂ በመንገድ ያሉትን ከተሞች ሁሉ አይዘረዝርም፤ የሸዋ ሮቢት ተሳፋሪም ሰምቶ ይሳፈራል። በምሳሌያችን የመንዝ ኤቢአር አሥራ ስድስት /24 ኔትወርኮችን አንድ በአንድ ከመናገር "10.20.32.0/20 በእኔ በኩል ነው" ይላል።

የቴብሉ ማጠር አንዱ ጥቅም ነው። እኔ ግን ዋናው ጥቅም ሌላ ነው እላለሁ፤ መረጋጋት። መሐል ሜዳ ላይ መብራት ሄደ እንበል። ጄኔሬተር እስኪነሳ ስዊቹ ይወድቃል፤ ይነሳል፤ ደግሞ ይወድቃል። 10.20.37.0/24 ጠፋ፤ መጣ፤ ጠፋ። ጥቅል ከሌለ ይህ እያንዳንዱ መነሳትና መውደቅ አዲስ ዓይነት 3 ሆኖ ደነባ፣ እነዋሪ፣ አጣዬ ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ራውተር ሁሉ ቴብሉን ይነካካል። ጥቅል ካለ ወሬው ኤቢአሩ ላይ ይቆማል። ከ10.20.32.0/20 ውስጥ አንድም ኔትወርክ ቢሆን በሕይወት እስካለ ድረስ ጥቅሉ ይነገራል። እነዋሪ ያለው ራውተር መሐል ሜዳ መብራት መሄዱን ጨርሶ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። ጥቅል ከሌለ የሌላው ኤሪያ ራውተር በየጊዜው የዳይክስትራን ስሌት ከሥር እንደገና ይሠራል የሚሉ አሉ። ትክክል አይደለም። ዓይነት 3 ሲለወጥ የሚሰላው ያ አንድ መንገድ ብቻ ነው። ጭነቱ ከተባለው ያነሰ ነው፤ ሆኖም ኤልኤስኤው መሠራጨቱ፣ ቴብሉም መነካካቱ አይቀርም።

ሌላ ረቂቅ ነገር አለ፤ የጥቅሉ ኮስት። በአርኤፍሲ 2328 መሠረት ጥቅሉ የሚይዘው በውስጡ ካሉት የትልቁን ኮስት ነው። በቀድሞው አርኤፍሲ 1583 ደግሞ የትንሹን። በሁለቱም ስሌት ኮስቱ የተወሰደበት ያ ኔትወርክ ከወደቀ የጥቅሉ ኮስት ይለወጣል፤ ለውጡም ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ በጥቅሉ ትእዛዝ ላይ ኮስቱን ቁርጥ አድርጎ መስጠት ጥሩ ልማድ ነው። የተለያየ ድርጅት የሠራቸው ራውተሮች ድንበር ላይ ካሉ ደግሞ ሁለቱም አንዱን ስሌት መያዛቸውን አረጋግጡ።

የጥቅሉን ማስክ እንዴት ላስላ?

ሦስተኛውን ኦክቴት በባይነሪ ጻፉት። 16 ማለት 00010000 ነው፤ 31 ደግሞ 00011111። የመጀመሪያዎቹ አራት ቢቶች አንድ ናቸው። ከፊት ያሉት 16 ቢቶች ሲጨመሩ 20። ጥቅሉ 10.20.16.0/20፣ ማስኩ 255.255.240.0 ሆነ። ንጹሕ ነው፤ አንድም የሰው አድራሻ አልነካም።

አሁን አራት ተከታታይ ኔትወርኮችን እንይ፤ ከ10.20.14.0 እስከ 10.20.17.0። አራት ስለሆኑ /22 ይበቃል ብሎ የሚቸኩል አለ። 14 ማለት 00001110፣ 17 ማለት 00010001። የጋራቸው ሦስት ቢት ብቻ ነው። ጥቅሉ 10.20.0.0/19 ይሆናል፤ ከ0 እስከ 31 ያለውን ሁሉ ይውጣል። አራት ኔትወርክ ለመጠቅለል ሠላሳ ሁለት ያዝን፤ የደብረ ብርሃንንም ጨምሮ። መከታተላቸው ብቻ በቂ አይደለም። ብዛታቸው 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ የሚሄድ መሆን አለበት፤ መነሻ ቁጥራቸውም ለዚያ ብዛት ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። 16 ለ16 ይካፈላል። 14 ለ4 አይካፈልም።

በአንድ ኤሪያ ውስጥ መጠቅለል ለምን አይቻልም?

የኤሪያው ራውተሮች ሁሉ አንድ ካርታ መያዝ ስላለባቸው። ሸዋ ሮቢት ያለው ራውተር መንገድ ላይ ኤልኤስኤ ቢቀይር ደብረ ሲናና አጣዬ የተለያየ ካርታ ይዘው ያሰላሉ፤ ሉፕ ይፈጠራል። ስለዚህ መጠቅለያ ቦታው ሁለት ብቻ ነው፤ ኤቢአር እና ኤኤስቢአር።

ኤሪያ ከከፈልኩ ዓይነት 3 በራሱ አይጠቀልልም?

አይጠቀልልም። ካልታዘዘ በቀር በኤሪያው ያለውን እያንዳንዱን ኔትወርክ አንድ በአንድ ዓይነት 3 አድርጎ ያወጣል። ትእዛዙን ኤቢአሩ ላይ መጻፍ የእናንተ ሥራ ነው። በሲስኮ አጻጻፍ "ኤሪያ 1 ሬንጅ 10.20.16.0 255.255.240.0" ይላል። የሚጻፈው የኤሪያ ቁጥር አድራሻው ያለበት የምንጩ ኤሪያ ነው፤ ወሬው የሚሄድበት አይደለም። ኤሪያ 1ን ለመጠቅለል ኤሪያ 0 ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ራውተሩም ዝም ብሎ ይቀበለዋል፤ ግን ምንም አይሆንም።

ኤቢአሩ ላይ "ኤሪያ ሬንጅ" ጻፍኩ፤ ውጫዊዎቹ መንገዶች ግን አልተጠቀለሉም። ለምን?

ኤቢአር ዓይነት 5ን አይነካም፤ እንደመጣ ያሳልፈዋል። ውጫዊ መንገድ የሚጠቀለለው በገባበት በር፣ ኤኤስቢአሩ ላይ ነው፤ ትእዛዙም "ሳመሪ-አድሬስ" የሚለው ነው። ልዩ ሁኔታው ኤንኤስኤስኤ ነው። እዚያ ኤቢአሩ ዓይነት 7ን ወደ ዓይነት 5 ሲለውጥ መጠቅለል ይችላል።

ያልጻፍኩት ወደ "ነል0" የሚሄድ መንገድ ቴብሉ ላይ አየሁ። ላጥፋው?

አታጥፉት። ነል0 ፓኬት የሚጣልበት ባዶ መውጫ ነው፤ ራውተሩ ያስቀመጠው ሆን ብሎ ነው።

ከኤሪያ 1 አድራሻ 10.20.29.0/24 ገና ለማንም አልተሰጠም እንበል። ጥቅሉ ግን ይሸፍነዋል። አንድ ቫይረስ የያዘው ኮምፒውተር፣ ወይም አድራሻ የተሳሳተ ሰው፣ ወደ 10.20.29.5 ፓኬት ላከ። ሌሎች ራውተሮች ጥቅሉን አምነው ወደ ደብረ ብርሃኑ ኤቢአር ይልኩታል። ኤቢአሩ ዝርዝሩን ያያል፤ 29 የለም። የነል መንገዱ ባይኖር ዲፎልት ሩቱን (ሌላ መንገድ ሲታጣ የሚኬድበትን) ተከትሎ ወደ ኢንተርኔት መውጫው ይመልሰዋል። መውጫው ራውተር ደግሞ ጥቅሉን አይቶ መልሶ ለኤቢአሩ። ቲቲኤሉ፣ ማለትም ፓኬቱ እንዲያልፍ የተፈቀደለት የራውተር ብዛት፣ እስኪያልቅ ይመላለሳል። አንድ ፓኬት ምንም አይደለም፤ አድራሻ የሚቃኝ ፕሮግራም በሺህ የሚቆጠር ሲልክ ግን ሊንኩ ይታነቃል። የነል መንገዱ ይህን ከሥሩ ይቆርጠዋል። ዝርዝር ያላቸው /24ዎች ከ/20ው ስለሚረዝሙ በእሱ አይነኩም።

ጥቅል ጉዳት የለውም?

አለው፤ በደንብ። ዝርዝር ስለሚደብቅ፣ የደበቀው ነገር ሲፈለግ አይገኝም።

ቀላሉ ጉዳት መንገድ ማርዘም ነው። ለእነዋሪ መንገድ የሚነግረው የኤሪያ 3 ኤቢአር ከኤሪያ 1 ሁለት ኤቢአሮች ያንኑ 10.20.16.0/20 ይሰማል። አጣዬ የትኛው እንደሚቀርበው መለየት አይችልም፤ ለመላው ጥቅል አንድ ኤቢአር ይመርጣል። ይህን መቻል ይቻላል።

ከባዱ ኤሪያው ሲሰነጠቅ ነው። በክረምት ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው ገደላማ መንገድ ላይ ናዳ ወርዶ ፋይበሩ ተቆረጠ እንበል። ኤሪያ 1 ለሁለት ተከፈለ። ደብረ ሲና ከደብረ ብርሃኑ ኤቢአር ጋር ቀረ፤ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ከአጣዬው ጋር። ደብረ ሲና በሕይወት ስላለ የደብረ ብርሃኑ ኤቢአር አሁንም "10.20.16.0/20 በእኔ በኩል ነው" ይላል። ከደነባ ወደ ሸዋ ሮቢት የተላከው ፓኬት ይደርሰዋል፤ የሸዋ ሮቢት ዝርዝር የለውም፤ ነል ውስጥ ይጥለዋል። በአጣዬ በኩል ደህና መንገድ እያለ። ጥቅል ባይኖር ኖሮ የሸዋ ሮቢት /24 በአጣዬ በኩል በኤሪያ 0 ይነገር ነበር፤ ችግሩም በራሱ ይፈታ ነበር። አርኤፍሲ 2328 ራሱ የአንድ ጥቅል አድራሻ በተሰነጠቀ ኤሪያ ሁለት ወገን ላይ መከፈል እንደሌለበት ይናገራል።

መፍትሔው ጥቅሉን መተው ሳይሆን ሊቆረጥ በሚችልበት ቦታ ማሳነስ ነው። ኤሪያ 1ን በሁለት /21 ክፈሉት። 10.20.16.0/21 ለደብረ ሲና ወገን፣ 10.20.24.0/21 ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ። ሁለቱንም ጥቅሎች ሁለቱም ኤቢአሮች ላይ ጻፉ። ፋይበሩ ሲቆረጥ የደብረ ብርሃኑ ኤቢአር ከ10.20.24.0/21 አንድም ሕያው ኔትወርክ ስለማይኖረው ያንን ጥቅል ያነሳል፤ የነል መንገዱም አብሮ ይነሳል። ያኔ የአጣዬውን ይሰማል፤ ፓኬቱም በዚያ ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው አንድ ተጨማሪ መስመር ትእዛዝ ነው። በሲሙሌተር ሞክሩት፤ ሊንኩን ዝጉና ቴብሉ ሲለወጥ እዩት፤ ከዚህ በላይ የሚያስተምር ላብ አላውቅም።

ስታብ ኤሪያ ከጥቅል ጋር ምን ያገናኘዋል?

እሱም የመጠቅለል ጫፍ ነው። ደነባና እነዋሪ መውጫቸው አንድ ብቻ ከሆነ የውጩን ዓለም ዝርዝር ምን ያደርጉላቸዋል? ኤሪያ 3ን ስታብ ስታደርጉት ዓይነት 5 አይገባም፤ በምትኩ ኤቢአሩ ዲፎልት ሩት ይሰጣቸዋል። ሙሉ ስታብ ካደረጋችሁት ከዲፎልቱ በቀር ዓይነት 3ም አይገባም። በኤሪያው ያለ ራውተር ሁሉ ስታብ መሆኑን መስማማት አለበት፤ አንዱ ከተረሳ ከጎረቤቶቹ ጋር ጭራሽ አይገናኝም።

ኤምፒኤልኤስ አለን። ሁሉንም ብጠቀልል ችግር አለው?

ኤምፒኤልኤስ ፓኬትን በአድራሻ ሳይሆን በሌብል፣ በተለጠፈ ቁጥር፣ የሚያሳልፍ አሠራር ነው። ሉፕባኮቹን፣ ማለትም የራውተሮቹን የራሳቸውን መለያ አድራሻዎች፣ አትጠቅልሉ። ሌብል የሚያከፋፍለው ኤልዲፒ በመደበኛ አሠራሩ ሌብሉን ከቴብሉ ጋር የሚያያይዘው አድራሻው ከነማስኩ በትክክል ሲገጥም ነው። የሩቁ ራውተር ሉፕባክ /32 በጥቅል ውስጥ ከጠፋ የሌብሉ መንገድ ኤቢአሩ ላይ ይቆረጣል። ፒንግ ይሠራል፤ ቪፒኤኑ አይሠራም። አርኤፍሲ 5283 ለዚህ ማስተካከያ አለው፤ ቀላሉ መንገድ ግን ለሉፕባኮች የተለየ የአድራሻ ክልል ሰጥቶ ከጥቅሉ ውጭ ማድረግ ነው።

አይኤስ-አይኤስ ላይስ?

ሐሳቡ አንድ ነው፤ ስሞቹ ይለያያሉ። ሌቭል 1 የኤሪያው ውስጥ ነው፤ ሌቭል 2 ኤሪያዎችን የሚያገናኘው። የሌቭል 1 መንገድ ከሌቭል 2 ይቀድማል። ሌቭል 1 ላይ ብቻ ያለ ራውተር ከውጭ ዝርዝር አይደርሰውም፤ ወደ ቅርቡ የድንበር ራውተር በዲፎልት ይወጣል፤ ማለትም ሳይነገረው ሙሉ ስታብ ነው። ዝርዝር ወደ ታች ማውረድ ከተፈለገ ሆን ተብሎ ይለቀቃል፤ ተመልሶ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚያደርግ ምልክት ያለው ቢት አለ። የሚጠቀለለው በድንበሩ ራውተር ላይ ነው።

አድራሻችን በዘፈቀደ የተሰጠ ነው። አሁን መጠቅለል እንችላለን?

ይህ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም በብዛት ያለው ይህ ነው። መጀመሪያ የተከፈተው ቢሮ 10.20.1.0 ወሰደ፤ ቀጥሎ የተከፈተው 10.20.2.0፤ እንዲህ እያለ በተከፈቱበት ተራ ሄደ። አንዱ መሐል ሜዳ፣ ሁለተኛው አጣዬ፣ ሦስተኛው ደነባ ነው። እንዲህ ያለውን ምንም ትእዛዝ አይጠቀልለውም። መጠቅለል የሚወሰነው አድራሻው በተሰጠ ዕለት ነው፤ ትእዛዙ የሚጻፍበት ቀን ዘግይቷል።

ተስፋ ግን አለው። አንድ ጊዜ ሁሉን መቀየር አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ኤሪያ አዲስ /20 ለዩ። አዲስ ቢሮ ሲከፈት፣ ስዊች ሲቀየር፣ ቪላን ሲጨመር ከአዲሱ ስጡ። ዲኤችሲፒ የሚጠቀሙ (አድራሻ በራሱ የሚሰጣቸው) ኮምፒውተሮች ቶሎ ይሻገራሉ፤ የሚያስቸግሩት አድራሻቸው በእጅ የተጻፈባቸው ፕሪንተሮች፣ ካሜራዎችና ሰርቨሮች ናቸው፤ እነሱን ቀድማችሁ መዝግቡ። ጥቅሉን አዲሱ ክልል ላይ ከአሁኑ ጻፉ። ከአሮጌው የቀሩት /24ዎች በዝርዝር ይነገራሉ፤ ማንንም አይጎዱም፤ እያለቁ ሲሄዱ ቴብሉ በራሱ ያጥራል።

ራውተሮቻችሁ ጥቂት ከሆኑ ደግሞ ኤሪያ መክፈል ራሱ ላያስፈልግ ይችላል። የአሁን ራውተሮች አንድ ትልቅ ኤሪያ ያለ ችግር ይሸከማሉ። ያኔም ቢሆን አድራሻውን በየአካባቢው ክፈሉት። ፋየርዎል ላይ ሕግ ሲጻፍ "መንዝን ፍቀድ" ለማለት አንድ መስመር ይበቃል።

በትክክል መጠቅለሌን በምን አውቃለሁ?

ሦስት ቦታ እዩ። ሌላ ኤሪያ ያለ ራውተር ላይ ቴብሉን ክፈቱ፤ እነዋሪ ላይ ከኤሪያ 2 አንድ "ኦ አይኤ" ብቻ መታየት አለበት። ዝርዝር /24 ካያችሁ አንዱ ኤቢአር ተረስቷል፤ የትኛው እንደሆነ በኤሪያ 0 ዳታቤዝ ውስጥ ዓይነት 3ቱን ያወጣው ራውተር መለያ ይነግራችኋል። ቀጥሎ ኤቢአሩ ላይ የነል መንገዱ መኖሩን አረጋግጡ። በመጨረሻ ከእነዋሪ ወደ አንድ ያልተሰጠ የኤሪያ 2 አድራሻ ትሬስሩት አድርጉ። ኤቢአሩ ላይ ደርሶ ከቆመ ደህና ነው። ሁለት አድራሻዎች እየተፈራረቁ ከመጡ ሉፕ አለ፤ የነል መንገዱን ያጠፋ ሰው ፈልጉ።